በሁለት ጾም የቀረበ ወተት

መጋቢት ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ከጎንደር ወደ ዳባት በሚወጣው መንገድ ላይ በአንዲት ነጭ ላንድክሩዘር ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ከኋላ የንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስትሩ አቶ ጀማሉዲን ዐብዱልከሪም፣ ከፊት የፕሮቶኮል ሹማቸው አንዱዓለም፣ መሪውን የያዘው ደግሞ ሾፌሩ ዳኛው። ከሦስቱ ቁርስ የቀመሰ አልነበረም። በዚያ ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ ገጥመው ነበርና ሚኒስትሩ የእርሳቸውን፣ ሁለቱ ደግሞ የእነሱን ጾም ይዘዋል።

«የዛሬ ማኪና ቀላል ናት» አለ ዳኛው፣ የወለቃን የሸክላ መደቦች አልፎ ዳገቱን ሲጀምር። «ሦስት ባዶ ሆድ ነው የጫነችው።»

ሚኒስትሩ ሳቁ። መነጽራቸውን እየወለወሉ፣ «አንዱዓለም፣ እስቲ የዛሬውን መርሐ ግብር ንገረኝ» አሉ።

አንዱዓለም በቃሉ ያውቀው ነበር። «አምስት ሰዓት ላይ እንደርሳለን። የዞኑ ኃላፊ ይቀበሉናል። የወተት ፋብሪካው ይጎበኛል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ክቡርነትዎ ንግግር ያደርጋሉ። ከዚያ ቴሌቪዥኑ እየቀረጸ፣ በገበሬዎቹ ፊት የመጀመሪያውን ብርጭቆ ወተት...»

እዚያ ላይ አፉ ተያዘ።

«ማን ነው የሚጠጣው?» አሉ ሚኒስትሩ።

አንዱዓለም ወረቀቱን ከቦርሳው አውጥቶ ቀኑን ደግሞ አየ።

ነገሩ የተጀመረው በየካቲት ነው። ፋብሪካው ለሙከራ ያመረተውን ወተት ጎንደር ላይ በነፃ አድሎ ነበር። በዚያው ሳምንት በከተማው አንድ ሕፃን ታመመ። ሐኪሞች ሕመሙ ከወተቱ ጋር እንደማይገናኝ ተናገሩ፤ ሕፃኑም ድኖ ቤቱ ገባ። ወሬው ግን ቀድሞ ወጥቶ ነበርና ከሰው ወደ ሰው ሲዞር ሕፃኑን ገደለው። የላቦራቶሪው ውጤት በየሱቁ ተለጠፈ፤ ቆሞ ያነበበው ሰው አልነበረም። ሚኒስትሩ ያኔ፣ «ሰው ወረቀት አይጠጣም። እኔው ሄጄ በፊታቸው እጠጣለሁ» አሉ።

ቀኑ ሲቆረጥ የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች፣ «ገበሬው በሁዳዴ ወተት አይቀምስም፤ ሚኒስትሩ ግን ሙስሊም ናቸው፤ ይጠጣሉ» ብለው አሰቡ። ልክ ነበሩ። ከዚያ የፋብሪካው ትራንስፎርመር ዘገየና ቀኑ ወደ መጋቢት መጨረሻ ተገፋ። ረመዳን በመሐል ገባ። ጠዋት ጠዋት ለሚኒስትሩ ሻይ እንዳይገባ ያዘዘው ራሱ አንዱዓለም ነበር። ሆኖም የሚኒስትሩ ጾምና የዳባቱ ወተት በእርሱ ጭንቅላት ውስጥ እስከዚያች ዳገት ድረስ አልተገናኙም። ሚኒስትሩንም የአዲስ አበባው ጣጣ ይዟቸው ልብ አላሉትም ነበር።

«አንተ የጎንደር ልጅ አይደለህም?» አሉ ሚኒስትሩ።

«ነኝ፣ ክቡር ሚኒስትር።»

«የጎንደር ሰው የጎረቤቱን ጾም ይረሳል?»

«እኛ ሰፈር እንኳ ሰው ሁሉ ዘንድሮ ገጠመ ሲል ነው የከረመው» አለ ዳኛው። «እኔማ ሹሞቹ የሆነ ዘዴ ይኖራቸዋል ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ሚኒስትሩ እንደገና ሳቁ፤ በዚህኛው ሳቅ ውስጥ ግን ድካም ነበር።

አምባ ጊዮርጊስ ሲደርሱ ዳኛው ጎማ ሊያይ ወረደ። ሚኒስትሩ በመስኮቱ የገበያውን ሜዳ ያዩ ጀመር። አባታቸው በዚህ መንገድ በአጋሰስ ጨርቅና ጨው ጭነው ይመላለሱ እንደነበር አንዱዓለም ያውቃል። አቶ ጀማሉዲን ጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር፣ በአባታቸው የጨርቅ ሱቅ ውስጥ ያደጉ ናቸው። የመጀመሪያ ሥራቸው በንግድ ቢሮ የሚዛን ተቆጣጣሪነት ነበር። በዚያ ሥራ ላይ ሳሉ የአጎታቸው ልጅ ሚዛን ሲያጎድል አግኝተው ሱቁን አሽገውበታል፤ ዘመድ አዝማድ ለረጅም ጊዜ ሰላምታ ነፍጓቸው ነበር ይባላል። ከዚያ የቢሮ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ሚኒስትር ዴኤታ፣ በመጨረሻም ሚኒስትር ሆኑ። የዳባቱን ፋብሪካ ግን ከሹመቶቻቸው ሁሉ አብልጠው ይወዱታል። ለእርሱ ሲሉ የዱቄት ወተት አስመጪዎች የሚፈልጉትን አዲስ ፈቃድ አልፈርምም ብለዋል። አዲስ አበባ ላይ ያለው ጣጣም ይኸው ነበር።

አንዱዓለም ከመኪናው ወርዶ ጎንደር ላለ አንድ ዑስታዝ ስልክ ደወለ። ሲመለስ ፊቱ ፈክቶ ነበር።

«ክቡር ሚኒስትር፣ መፍትሔ አግኝቻለሁ። መንገደኛ ጾሙን መተው ይፈቀድለታል፣ በኋላ ቀኑን ይተካል አሉኝ ዑስታዙ። ክቡርነትዎ ከአዲስ አበባ ነው የመጡት። እንግዲህ መንገደኛ ነዎት።»

ዳኛው መኪናውን አስነሥቶ ከተማውን ለቀቀ።

«አባቴ ይህን ዳገት በበቅሎ ሲወጣ ጾሙን ይዞ ነው» አሉ ሚኒስትሩ። «እኔ ትናንት ማታ እናቴ ቤት አፍጥሬ፣ ዛሬ በመኪና ተቀምጬ፣ በተወለድኩበት አገር መንገደኛ ነኝ ልበል?»

«ሕጉ ግን...»

«ሕጉን አውቀዋለሁ። ለሚደክመው ሰው የተሰጠ ምሕረት ነው። በጎንደርና በዳባት መካከል ግን እኔን መንገደኛ ያደረገኝ የለም። እኔም ራሴን አላደርግም።»

አንዱዓለም ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ፋብሪካው ከዳባት ወጣ ብሎ ከአስፋልቱ ዳር ነው። ከበሩ ፊት ለፊት አንድ አይሱዙ ቆሞ ነበር። ላዩ ላይ ሁለት ላሞች ታስረዋል፤ ጡታቸው የተንዠረገገ የወተት ላሞች ናቸው። የመኪናው ጌታ ወንዴ የሚባል የከብት ነጋዴ ሲሆን፣ ለፋሲካ ቅርጫ የሚሆን ከብት እየዞረ ይሰበስባል። ሦስተኛዋን ላም ገና አልጫናትም። ጥቁርና ነጭ ናት፤ ዓለሚቱ ይሏታል። ገመዷን የያዙት የወተት ማኅበሩ ሊቀ መንበር እትዬ የትነበርሽ ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሻሻቸውን ጥብቅ አድርገው ያሰሩ ሴት።

«ኧረ እትዬ የትነበርሽ፣ ሳይመሽብን እንጫናት» ይላል ወንዴ።

«ቆይ አልኩህ እኮ! ምነው ትነዘንዘኛለህ? ሰውየው ይጠጣና ይታያል። ከጠጣ ዓለሚቱ ከቤቷ ትገባለች። ካልጠጣ ያንተ ናት።»

«የሌሎቹስ ላሞች?»

«ሌላውም እኔን ነው የሚያይ።»

አንዱዓለም ይህን ሰምቶ አለፈ።

ጉብኝቱ ተጠናቀቀ፤ ሪባኑ ተቆረጠ፤ ሚኒስትሩ አጭር ንግግር አደረጉ። ዳንቴል በለበሰው ጠረጴዛ ላይ በላስቲክ የታሸገ ወተትና አንድ ብርጭቆ ተቀምጧል። የቴሌቪዥኑ ሰው ካሜራውን አስጠጋ። ሚኒስትሩ ወተቱን አንሥተው መልሰው አስቀመጡት።

«ወገኖቼ፣ አላታልላችሁም» አሉ። «ይህን ወተት በፊታችሁ ልጠጣ ነበር የመጣሁት። ቀኑን የቆረጥነው እኛ ነን፤ የተሳሳትነውም እኛ ነን። ረመዳን ነው፣ ጾመኛ ነኝ። አሁን አልጠጣም።»

ከፊት በዘንግ የተደገፉ አንድ ሽማግሌ፣ አያ ሐብተ ማርያም፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሸጋ ምክንያት ነው ጌታው! እኛም ነገር ስንፈራ ጾም ነው እንላለን።»

ሳቁ እንደ ማዕበል ወደ ኋላ ሄደ።

«ደግሞስ» አሉ ሽማግሌው ሳቁ አበርትቷቸው፣ «እኛ ጾመኛ፣ እርስዎ ጾመኛ፤ ወተቱን ለማን አመጣችሁት? ለአይጥ ነው?»

የዞኑ ኃላፊ ፊቱ ቀልቶ ወደ ማይክሮፎኑ መጣ። «ችግር የለም! ሕፃናት አይጾሙም። ከመካከላችሁ ልጅ ያላችሁ ሁለት ሦስት ልጆች አምጡ፤ በካሜራ ፊት ይጠጣሉ፤ ያልቃል።»

ያን ጊዜ ሴቶቹ ሁሉ በአንድ ቃል እንደታዘዙ ልጆቻቸውን ወደ ነጠላቸው ሥር ሳቡ። አንዷ ጭራሽ ልጇን አዝላ ወደ አስፋልቱ ሄደች።

«ተዉ!» አሉ ሚኒስትሩ። አንዱዓለም እንዲህ ሲጮኹ ሰምቶ አያውቅም። «እኔ ያልጠጣሁትን በሰው ልጅ ላይ አልሞክርም።»

እትዬ የትነበርሽ ላሟን እየሳቡ ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ። ጠባቂው ሊያስቆማቸው ሲል ሚኒስትሩ በእጃቸው ከለከሉት።

«እርስዎም አልጠጡ፣ ልጅም አይጠጣ፤ እኔ ምን ላድርግ?» አሉ ሴትዮዋ። «ወሬው ከወጣ ወዲህ የማልበውን ቦይ ውስጥ ነው የምደፋ። ወተቷ የሚደፋ ላም ለቢላዋ ናት። ለመሆኑ እርስዎ የማን ልጅ ነዎት? አባትዎ የአዲስ ዓለሙ ዐብዱልከሪም ነው አሉኝ። ጨርቅ ሻጩ?»

«አዎ፣ አባቴ ነው።»

«እኔን!» አሉ የትነበርሽ። ገመዱን ከቀኝ ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩት። «አያ ዐብዱልከሪም ገበያ ሲወጣ እኛ ቤት ነበር የሚያድር። የእናቴ የእታገኘሁ እንግዳ ነበር። ሥጋችንን አይበላም፣ ሥጋውን አንበላም፤ ወተት ግን ያው ወተት ነው። እናቴ የምታቀርብለት እሱን ነበር። ምነው ታዲያ አንተ ዛሬ ወተታችንን ትተህ ትሄዳለህ?»

የዞኑ ኃላፊ ሚኒስትሩ «አንተ» በመባላቸው ተሸማቀቀ። ሚኒስትሩ ግን አንድ እርምጃ ወደ ሴትዮዋ ቀረቡ።

«አባቴ በረመዳን ሲመጣስ ምን ያደርግ ነበር?»

«ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ እስክትጠልቅ ይጠብቃላ። እናቴ ወተቱን ከድና ታቆይለታለች።»

በዚህ መሐል የአንዱዓለም ስልክ ጮኸ። ከአዲስ አበባ፣ ከላይ ነው። የሰማውን ሰምቶ ወደ ሚኒስትሩ ጆሮ ጠጋ አለ።

«ባልፈረሙት ፈቃድ የተነሣ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የእርስዎ ጉዳይ ይታያል። ዛሬ ማታ አዲስ አበባ እንዲገቡ ብለዋል። ራስዎ ቀርበው ካልተከራከሩ ቦታዎ ለሌላ ሰው ይሰጣል። የመጨረሻው አውሮፕላን ከጎንደር፣ ከአዘዞ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው የሚነሣው። እስከ ስምንት ሰዓት ከዚህ መውጣት አለብን።»

«ፀሐይስ?»

«አሥራ ሁለት ተኩል ገደማ ነው የምትጠልቀው።»

ሚኒስትሩ ወንዴ ወዳቆመው አይሱዙ፣ ከዚያ ወደ ላሟ አዩ።

«ክቡር ሚኒስትር» አለ አንዱዓለም፣ «እርስዎ ከተነሡ ይህን ፋብሪካ ማን ይጠብቀዋል?»

«እኔ ወንበሬን ይዤ ብቀርና ላሞቹ ዛሬ ቢጫኑ፣ ፋብሪካው ምን ያልባል?»

ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «እጠብቃለሁ» አሉ። «ፀሐይ ስትጠልቅ በዚህ ወተት አፈጥራለሁ። ማየት የሚፈልግ ይቆይ።» ኮታቸውን አውልቀው ከአጥሩ ሥር ካለው የድንጋይ ክምር ላይ ተቀመጡ።

የቴሌቪዥኑ ሰዎች በብርሃን ደባርቅ ደርሰን የምንቀርጸው ሌላ ሥራ አለን ብለው ዕቃቸውን ሸከፉ። የዞኑ ኃላፊም አስቸኳይ ስብሰባ ትዝ አለው። ዳኛው መኪናውን ጥላ ሥር አቁሞ፣ መቀመጫውን ወደ ኋላ ዘርግቶ ተኛ። ወንዴ ግን አልሄደም።

«እኔም ልየው» አለ ጎማው ላይ እየተደገፈ። «ባይጠጣ በርካሽ እገዛለሁ። ቢጠጣም ተአምር አየሁ እላለሁ።»

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከደብሩ ቅዳሴ ወጣና የገበሬዎቹ ጾም ተፈታ። አንዱዓለም ያን ቀን ያየውን ለረጅም ጊዜ አልረሳውም። ሰዎቹ ምሳቸውን ይዘው፣ በሚኒስትሩ ፊት ላለመብላት፣ አንድ በአንድ ከፋብሪካው ጀርባ እየዞሩ ይበሉ ነበር። ማንም እንዲያደርጉት አልነገራቸውም። እሱንም አንዲት ሴት ጠርታ እንጀራ በሽሮ ሰጠችው። እትዬ የትነበርሽ ግን ከላሟ አልተነሡም፤ ሲጠሯቸው እጃቸውን አወዛወዙ።

አያ ሐብተ ማርያም ጢማቸው ላይ ሽሮ ይዘው ተመለሱና ከሚኒስትሩ አጠገብ ቁጭ አሉ።

«የቅድሙን ተቀየሙኝ?»

«የለም አያ ሐብተ ማርያም። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ከዚያ የባሰ እናገር ነበር።»

«እንግዲያው አንድ ልጠይቅዎት። እንበልና ወተቱ ሸጋ ነው። በሁዳዴ ማን ይገዛዋል?»

«የጎንደር ሙስሊም» አሉ ሚኒስትሩ ሳያመነቱ። «በረመዳን ማታ ወተት የማይፈለግበት ቤት የለም። እናንተ በምትጾሙት ወተት እነሱ ያፈጥራሉ። ዘንድሮ ሁለቱ ጾም መግጠሙ ለዚህ ፋብሪካ ሠርግ ነበር፤ ወሬው ባያበላሸው።»

ሽማግሌው ዘንጋቸውን ወደ ላሟ አቅንተው፣ «እንዴት ያለ ነጋዴ ነው እቴ! ጾማችንን እንኳ ገበያ አወጣው» ብለው ለየትነበርሽ ጮኹላቸው።

ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጉም መጣ። መጀመሪያ ሸንተረሩን ሸፈነው፣ ከዚያ አስፋልቱን፣ በመጨረሻም ፀሐይዋ የት እንዳለች ማወቅ አልተቻለም። ሕዝቡ ነጠላና ጋቢውን ተከናንቦ ተጠጋጋ።

«ጠልቃለች!» አለ አንዱ።

«ገና ናት!» አለ ሌላው።

«የዳባት አዛን እዚህ ድረስ አይሰማም» አለ አንዱዓለም። «ሰዓታችንን ብናይ...»

«ሰዓት አይበቃም» አሉ ሚኒስትሩ። «ትንሽ እንኳ ብትቀር፣ አንዱ ነገ ‹ሳትጠልቅ ጠጣ› ይላል።» ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ፤ ድምፁንም ለሁሉ እንዲሰማ ከፈቱት። «እማ፣ አዛን አለ?»

«ገና ነው» አለ የአንዲት አሮጊት ድምፅ። ወይዘሮ ሃጂራ ናቸው፤ የሚኒስትሩ እናት። «የት ነህ አንተ? ሾርባው ሊቀዘቅዝ ነው።»

«ዳባት ነኝ። ጉም ሆኖ ፀሐይዋ አልታይ አለችኝ። መስኮቱን ክፈቺና አዛኑን አሰሚኝ።»

«በምን ልታፈጥር ነው እዚያ?»

«በወተት።»

«በየትኛው ወተት?»

«በፋብሪካው።»

«ጀማሉዲን! እኔ ያን ወተት ከደጄ አላስገባሁትም። ሰፈሩ ሁሉ ነው የፈራው። እንዳትጠጣ!»

ወንዴ ከጎማው ላይ ቀና አለ። ሕዝቡ ሁሉ ሰምቷል። አንዱዓለም ስልኩን ሊዘጋ እጁን ሰደደ፤ ሚኒስትሩ ግን አራቁት።

«እማ፣ ሕዝብ ይሰማሻል እኮ።»

«ይስማኛ! እናት አይደለሁም?»

«ወተቱ ከእነዚህ ሰዎች ላሞች የታለበ ነው። አባባ ዳባት ገበያ ሲወጣ የሚያድርበትን ቤት ታስታውሻለሽ? የእታገኘሁን? ልጇ አጠገቤ ናት።»

«የእታገኘሁ ልጅ?» ድምፁ ረገብ አለ። «የትኛዋ?»

«የትነበርሽ ነኝ!» ብለው የትነበርሽ ስልኩ ላይ ጮኹበት። «ትንሿ! አያ ዐብዱልከሪም ጉልበቱ ላይ የሚያስቀምጠኝ!»

ወይዘሮ ሃጂራ ሊመልሱ ሲሉ ከስልኩ ውስጥ አዛኑ ተነሣ። መስኮት ሲከፈት ተሰማ፤ ድምፁም ጎላ። ጉሙ ውስጥ፣ ጋቢ የለበሰው ሕዝብ መካከል፣ የአዲስ ዓለም መስጊድ ጥሪ በአንዲት ትንሽ ስልክ ወጣ። የሳለ ሰው አልነበረም። አያ ሐብተ ማርያም ዘንጋቸውን ተደግፈው ተነሥተው ቆሙ።

እትዬ የትነበርሽ የላስቲኩን ጥግ በጥርሳቸው ቀደዱና ብርጭቆውን ሞሉት። ሚኒስትሩ ከኪሳቸው አንድ ተምር አውጥተው ቀመሱ፤ ከዚያ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው እስከ መጨረሻው ጠጡ። ባዶውን ዘረጉላቸው። «ይድገሙኝ» አሉ። ሁለተኛውንም ጠጡ።

«ጠጣህ?» አለ ስልኩ።

«ጠጣሁ፣ እማ።»

«እንዴት ነው?»

«ወፍራም ነው። ጣፋጭ ነው።»

«በል እንግዲያው ስትመጣ ለእኔም ያዝልኝ። ለጎረቤቶቹም ጨምር። የትነበርሽን ሰላም በልልኝ።»

የመጀመሪያው ሳቅ የአያ ሐብተ ማርያም ነበር። ከዚያ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመረ። እትዬ የትነበርሽ ለወንዴ አንድም ቃል ሳይናገሩ ላሟን አዙረው ወደ መንደሩ መንገድ ጀመሩ። ከኋላቸው ሌሎች ሴቶች ልጆቻቸውን ይዘው ተከተሏቸው።

ወንዴ ቀድሞ የገዛቸውን ሁለት ላሞች ብቻ ይዞ ሄደ። ሚኒስትሩ ያን ሌሊት እናታቸው ቤት አደሩ። በማግሥቱ ከቀትር በፊት ከፋብሪካው የወጣው ወተት አዲስ ዓለም ሱቆች ገባ። በዚያው ሐሙስ ጠዋት፣ አዲስ አበባ ላይ፣ አቶ ጀማሉዲን ዐብዱልከሪም በሌሉበት ከሚኒስትርነታቸው ተነሡ።